የቅሬው አካፋ

በዚያ ሰሞን መቻቻል የሚለው ቃል ፋሽን ሆኖ ነበር። ካድሬው መቻቻል ይላል፣ ሬዲዮው መቻቻል ይላል፣ የትምህርት ቤት አጥር ላይ በትልልቁ መቻቻል ተብሎ ይጻፋል። እኔ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን ያመኛል። በአማርኛ የሚቻለው ምንድን ነው? ሕመም ይቻላል። ረኃብ ይቻላል። ሰካራም ባል፣ ነገረኛ ጎረቤት ይቻላል። እኔን እንደ ሆድ ቁርጠት ችሎ የሚያኖረኝ ሰው አልፈልግም። ሰው መሆኔን አውቆ መንገድ እንዲለቅልኝ ብቻ ነው የምፈልገው።

እንደዚያም ሆኖ ስብሰባው ላይ ሄድኩ። ደሴ ላይ የሃይማኖቶች መቻቻል ጉባኤ አለና ከየእምነቱ ተወካይ ይምጣ ተባለ፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም እናቴን መረጧት። ኮምቦልቻ ላይ ከቀደሙት ጴንጤዎች በሕይወት የቀረችው እሷ ናት። እሷ ደግሞ ጥሪ አትንቅም። ነጠላዋን አጥባ፣ ጫማዋን ቀብታ፣ እኔን አስከትላ ተነሳች፤ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጣን። ሰኞ ገበያ ላይ ከታክሲ ወርደን፣ በሰው መሐል እየተጋፋን አዳራሹ ደረስንና ከኋላ ወንበር አገኘን።

መድረኩ ላይ ከተቀመጡት የአገር ሽማግሌዎች አንዱን ገና ከሩቁ አወቅሁት። ጋቢው አዲስ ነው፣ ጢሙ ነጥቷል፤ አንገቱን ሰበር የሚያደርጋት ነገር ግን ያችው ናት። የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ የነበረው ሰውዬ ነው። ተራው ሲደርስ ድምፅ ማጉያውን ያዘና እንዲህ አለ፦

«ወሎ ላይ ሃይማኖት አይጠየቅም! እኛ ሰፈር አንድ ጴንጤ ሞቶብን፣ እስላም ክርስቲያኑ ተባብረን ቀበርነው። ወሎ ማለት ይኼ ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እናቴ አላጨበጨበችም። እጄን ያዘችና ጣቶቼ እስኪያሙኝ ጨበጠችው።

ያ «አንድ ጴንጤ» አባቴ ነው። እነሱ ግን አልቀበሩትም።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ቃሬዛ የሚያመጣው፣ መቃብር የሚቆፍረው ቅሬ ነው። እኛ ሰፈር ቅሬው የእስላምም የክርስቲያንም ነው። የእስላም መቃብር ሲቆፈር ክርስቲያኑ ዶማ ይይዛል፤ የክርስቲያኑ ሲቆፈር እስላሙ አፈር ያወጣል። ይኼ እውነት ነው፤ ሲኮሩበትም ደስ ይለኛል። አባቴ ግንበኛ ስለነበረ ቅሬው ውስጥ ቁፋሮው የእሱ ሥራ ሆኖ ነበር። ደሴ ሲገነባ ውሎ ማታ ሲመለስ ሰው ሞተ ከተባለ እራት ሳይቀምስ ይወጣል። የቅሬውን ዶማና አካፋ እጀታ የሚቀይረውም እሱ ነው። ወይራ ይመርጣል፣ በጠርሙስ ስባሪ ይልጋል፣ ቅባት ይቀባል። «የሬሳ ዕቃ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ መጨረሻ ላይ የሚነካን እሱ ነው» ይል ነበር።

ወታደራዊው መንግሥት ከወደቀ በኋላ ነው አባቴ ከኦርቶዶክስ ወደ ጴንጤ የዞረው። ደሴ አብሮት የሚሠራ አናጢ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብለት ጀመር፤ ከዚያ አንድ ቀን ቤት መጥቶ ለእናቴ ነገራት። እናቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች፤ በኋላ ግን እሷም ተከተለችው። ምን እንዳሳመናት ጠይቄያት «አባትሽ መጠጥ ተወ» ብላኛለች። የእሷ ነገረ መለኮት ያ ነው።

አባቴ በአዲሱ ሕገ መንግሥት የነበረውን እምነት ሳስበው አሁንም ያናድደኛል። ማንም ሰው የፈለገውን የማምለክ መብት አለው የሚለው በሬዲዮ ሲነበብ ቆሞ ነው ያዳመጠው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አባቴም ያችን አንቀጽ እስኪሞት አልለቀቃትም። ጸሎት ቤት ስላልነበረን እሑድ እሑድ እኛ ቤት ይሰበሰቡ ጀመር። አንድ አስተማሪ፣ ጥቂት የፋብሪካ ሠራተኞች፣ አንዲት እንጀራ ሻጭ። መዝሙሩ ሲጀመር ድንጋዩም ይጀምራል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ድንጋይ ከውስጥ ሆኖ ለሚሰማው ቤቱ የፈረሰ ነው የሚመስለው። እንጀራ ሻጯ ድስት ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ስትዘምር ትዝ ይለኛል፤ ያኔ ሳቅን።

አባቴ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አመለከተ። መኮንኑ ጨዋ ነበር፣ ወንበር ሰጠው።

«መብትዎ ነው፣ ጋሼ» አለው። «መዘመር ይችላሉ። ግን ድምፁ ወደ ውጭ አይሰማ። ሕዝቡን አያስቆጡት።»

ከቤታችን በአንድ በኩል አዛን፣ በሌላው በኩል ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ይመጣል። ሁለቱም ተወልጄ ያደግሁበት ድምፅ ነው፤ ዛሬም ሳልሰማው ባድር ይጎድለኛል። ነገር ግን ሕዝብ የሚያስቆጣው የኛ ሹክሹክታ ብቻ መሆኑን እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም።

ስም አወጡልን። መጤ አሉን። አባቴ እዚሁ አጠገባችን ደጋን ከተማ ተወልዶ፣ አያት ቅድመ አያቱ እዚያው ተቀብረው መጤ ተባለ። ከዚያ የባሰው ግን ፀረ ማርያም የሚለው ነበር። የማርያም ጠላት ማለት ነው። እናቴን ይሏት ነበር፤ እናቴን! ያቺ ሴት ከዞረች በኋላም አፏ ከማርያም አልተላቀቀም። እጇን እሳት ሲፈጃት «እናቴ ማርያም!» ትላለች፣ ስትደነግጥ «በስመ ማርያም!» ትላለች። ጸሎት መሐል አምልጧት ሰው ሁሉ ዓይኑን ገልጦ እየሳቀ ያያታል። «ምን ላድርግ፣ ምላሴ ገና አልዳነም» ትል ነበር።

ያልዳነው ምላሷ ብቻ አልነበረም። እኛ አገር ሥጋ ሁለት ዓይነት ነው፤ የክርስቲያን ቢላ ያረደውና የእስላም ቢላ ያረደው። ሠርግም ይሁን ተዝካር ሁለት ድስት ይጣዳል፣ እያንዳንዱ ወደ ድስቱ ይሄዳል፣ ማንም አይጣላም። እኛ ከዞርን በኋላ ግን የኛ ቢላ የማንም ሳይሆን ቀረ። አባቴ ለበዓል ያረደው በግ ከአጥራችን አልወጣም፤ ቅመሱ ብለን የላክነው ሳህን እንደተከደነ ይመለሳል። ጎረቤታችን ሐጂ ደጋግመው «የኛን ብሉ፣ ምን ቸገራችሁ?» ይሉን ነበር። አባቴ እሳቸው ጋ ሄዶ ይበላል። እናቴ ግን እንቢ አለች። ሃይማኖት ቀይራ፣ ድንጋይ ችላ፣ የእስላም ሥጋ ሲሆን ጉሮሮዋ ይዘጋል። አባቴ ይቀልድባታል፦ «ጌታ ልብሽን አዳነው፣ ሆድሽን ግን ለመጨረሻ ቀን አቆይቶታል።»

ቅሬው አባቴን አንድ እሑድ ጠርቶ «ተለይተሃል» አለው። መለየት ማለት እኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። ለተለየ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ውሃ አይቀዳለትም፣ ሲሞትበት አይደረስለትም። አባቴ የተከራከረ መስሎኝ ነበር። ቤት ሲመጣ ግን የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የትልቁ አካፋ እጀታ ተሰንጥቋል፤ ቀይሩት ብያቸዋለሁ» አለ። ይኼ የዋህነቱ ነው እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ። አንተን አውጥተው የጣሉ ሰዎች እጃቸውን ስንጣሪ ቢወጋቸው ምን ገዶህ?

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጉበቱን ታመመ። ደሴ ሆስፒታል ገብቶ፣ ተስፋ የለውም ተብሎ፣ ወደ ቤት በወሰድነው ማግስት ጧት ሞተ። እኔ ያኔ ፋብሪካ ፈትል ክፍል እሠራ ነበር፤ ከሥራ ጠርተውኝ ስደርስ እናቴ ደጁ ላይ ቆማለች። ግቢያችን ውስጥ ማንም የለም። ድንኳን የለም፣ አግዳሚ ወንበር የለም። የለቅሶ ቤት ሰው ሳይኖርበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናቴ ብቻዋን ጮኻ፣ የሚደርስላት ስታጣ ዝም ብላለች።

ማዘጋጃ ቤት ሮጥኩ። ለእናንተ የተከለለ የመቃብር ቦታ የለም አሉኝ።

«ታዲያ የት እንቅበረው?»

«ማመልከቻ አስገቡ፤ ኮሚቴ ያየዋል።»

«አባቴ ቤት ተጋድሟል። ኮምቦልቻ ነው፣ ሙቀቱን ያውቁታል።»

«እኔም እኮ አዝኛለሁ፣ እህቴ» አለኝ ሰውየው። እውነትም ያዘነ ይመስል ነበር። ከኋላው ግድግዳው ላይ የዜጎች መብት የሚል ነገር ተለጥፏል።

ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይቀበርም እንደሚሉን አስቀድመን እናውቅ ነበር። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን እሱ የነሱ ቦታ ነው፣ ሥርዓት አላቸው፣ ያ ይገባኛል። የማይገባኝ ቅሬው ነው። ዶማ ሃይማኖት የለውም። አካፋ ተጠምቆ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ የቅሬው ዳኛ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ልባቸው ራርቶ ነው ብዬ ወንበር ላመጣ ተነሳሁ። እሱ ግን አልተቀመጠም። ግቢው መሐል ቆሞ እናቴን አያትና፦

«ሴትዮ፣ እኛ ጨካኞች አይደለንም» አለ። «እሱ ያው ሞቷል፤ አንቺና ልጅሽ ግን ተመለሱ። ንስሐ ግቡ። ዶማውም ድንኳኑም አሁኑኑ ይመጣል።» ኪሱ ገብቶ ጥቁር ክር አወጣ። ማተብ ነው፤ ሁለት አድርጎ በልኩ ቆርጦ፣ ለእሷና ለእኔ አዘጋጅቶ ነው የመጣው።

እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ጋሼ፣ ስንቱን ቀብሯል፣ የእርስዎን እናት ሳይቀር የቀበረ እሱ ነው። ያስቆፍሩለት። ስለ ማርያም!»

አፏን ያዘች፤ ግን ወጥቷል። ለማኝ ሁሉ የሚልበት፣ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ስትለምን የምትልበት ቃል ነው፤ ሌላ መለመኛ የላትም። ሰውዬው ሳቀ። ሬሳ ባለበት ግቢ ሳቀ!

«አሁን ማርያም ትዝ አለችሽ?»

እኔ ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። ድንጋይ ፈለግሁ፤ ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ድንጋይ ሞልቷል፣ ራሳቸው የወረወሩት። እናቴ ግን ቀስ ብላ ተነሳች። ጉልበቷን አራገፈች። ክሩን ከእጁ ተቀበለችና አየችው፣ ከዚያም መልሳ ሰጠችው።

«የቸገረኝ ዶማ ነው» አለችው። «ክር አይደለም።»

እነሱ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ሐጂ በጓሮ በኩል መጡ። መቆፈሪያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ሁለት ልጆቻቸውን አስከትለው። ሐጂ ሽማግሌ ናቸው፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ የቅሬው ነባር አባል። ሬሳው ፊት መቆፈሪያቸውን አወረዱ።

«አብሽሪ» አሏት እናቴን። «በደጋን መንገድ ያለችዋ ማሽላዬ ዳር፣ ተግራሩ ሥር፣ አፈሩ ለስላሳ ነው።»

«ሐጂ፣ እርስዎንም ይለዩዎታል» አለች እናቴ።

«ወላሂ ይለዩኝ! ተዚህ ወዲያ ምን ዕድሜ አለኝ? ይልቅ ውሃ ስጭኝ፣ ፀሐዩ ሳይወርድ እንድረስ።»

ቃሬዛ ስላልነበረን አባቴን በገዛ በሩ ላይ ተሸከምነው። ከማጠፊያው የነቀሉት የሐጂ ልጆች ናቸው። ደሴ ያሉት የእምነት ወንድሞቻችን በአውቶቡስ ደረሱ፤ ግማሾቹ መቆፈር አይችሉም፣ እጃቸው ተላጠ። ሐጂ ሲደክማቸው መቆፈሪያቸውን እየተደገፉ «እሱ ቢሆን ይኼኔ ጨርሶታል» ይላሉ። ጉድጓዱ አልቆ ልንዘምር ስንል እንደልማዳችን በሹክሹክታ ጀመርን። ከዚያ የሆነ ሰው ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ሁላችንም ተከተልነው። ሜዳ ላይ ነን፣ ድንጋይ የሚወርድበት ቆርቆሮ የለም። ሐጂ ዘወር ብለው ቆመው እስክንጨርስ ጠበቁን።

ሰው ወሬ አይደብቅም፤ ነገሩ ከተማውን አዳረሰው። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ተረት ሆነ። «አንድ ሐጂ ለአንድ ጴንጤ መቃብር ሰጠ፤ ወሎ እንዲህ ናት!» ይባላል። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይሉ የለ? ከአባቴ መቃብር ጉራ ቆረጡ። ሐጂ በሕይወት ሳሉ አንድ ጋዜጠኛ ሊያመሰግናቸው መጥቶ ነበር። ተቆጡት። «ተገዛ ቅሬው የተባረረን ሰው ቀበርሁ። በዚህ ሰው ይመሰገናል እንዴ? ይታፈራል እንጂ!» ብለው አባረሩት። እኔም የማስበው ይኼንኑ ነው። ሐጂን እወዳቸዋለሁ፤ እስክሞት ባለ ዕዳቸው ነኝ። ግን የአባቴ መቃብር የአንድ ደግ ሰው ልብ ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም። ሐጂ ክፉ ቢሆኑስ ኖሮ? የዚያን ቀን ባይኖሩስ ኖሮ? መብት ማለት ጎረቤትህ ክፉም ቢሆን የምትቀበርበት ነገር ነው።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው አዳራሹ ውስጥ የተቀመጥኩት። ጭብጨባው ሲበርድ አስተባባሪው «ጥያቄ ወይም አስተያየት?» አለ። እጄን አወጣሁ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እሱ ግን ሳያውቀኝ ድምፅ ማጉያውን ሰጠኝ።

«ጥያቄዬ ለአባታችን ነው» አልኩ። «ያንን ጴንጤ የቀበራችሁት በየትኛው አካፋ ነው? እጀታው የተሰነጠቀው ትልቁ አካፋ ነው ወይስ ሌላ?»

ሰውዬው ዓይኑን አጥብቦ ከኋላ ፈለገኝ። መጀመሪያ እኔን አላወቀኝም፤ ከዚያ አጠገቤ እናቴን አያት። ጋቢውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንገቱን ሰበር አደረገ።

«ልጄ፣ ያለፈው አልፏል» አለ።

«ለእርስዎ አልፏል። እኛ አባቴን የተሸከምነው በበር ነው።»

አስተባባሪው ፈገግ ብሎ ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ተቀበለኝ። «እንግዲህ ወገኖቼ፣ መቻቻል ማለት ይኼም ነው» አለ፤ «ቁስልን አለመቀስቀስ። አሁን ምሳ ተዘጋጅቷልና በሰላም እንቋደስ።» ሰው እንደገና አጨበጨበ። የሆነች ሴት ዞር ብላ በርኅራኄ አየችኝ፤ እሷንም ልመታት ቃጣኝ።

ምሳው በረንዳ ላይ ነበር። እንደ ወግ ልማዱ ሁለት ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ በአንዱ በኩል የክርስቲያን፣ በሌላው በኩል የእስላም። ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። ሰውዬው በክርስቲያኑ በኩል፣ ከፊት አካባቢ ሳህን ይዞ ቆሟል። እኔ እናቴን ወደ ውጭ ልወስዳት ክንዷን ያዝኳት። እልሁ የምግብ አምሮቴን ዘግቶታል። እሷ ግን ክንዷን አስለቀቀችና ሳህን አነሳች። በሰውዬው ፊት፣ ጋቢውን እስክትነካ ድረስ ተጠግታ አለፈችና ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄደች። ጭልፋ የያዘችው ወጣት የእናቴ አንገት ላይ የቀረውን አሮጌ የመስቀል ንቅሳት አየች መሰለኝ፣ ጭልፋውን አየር ላይ አቆመችው።

«እማማ፣ ተሳስተው እንዳይሆን፤ ይኼ እኮ የእስላም ነው» አለቻት።

እናቴ ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም። በረንዳው ሁሉ ሰማት።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ባሌን የቀበሩት እነሱ ናቸው። ጨልፊልኝ።»